ጥፋቱ የውሃው ነው ወይስ የጀሪካኑ?

ፍቅር ቀዘቀዘብኝ፣ ባሌ ማምሸት ጀመረ፣ አማቴ አላስቀምጥ አሉኝ የሚሉ ደብዳቤዎች በየሳምንቱ ይጎርፉልናል። በውሃ ምክንያት ትዳሬ ሊናጋ ነው የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። የመጣው ከወደ እንጦጦ ማርያም ነው። ማንነትን የሚገልጹ ነገሮችን አውጥቼ፣ ጥቂት አሳጥሬ እነሆ ብያለሁ።

«ለዝግጅት ክፍሉ፣ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ከእንጦጦ ማርያም ቤተክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም። የተጣላነው በውሃ ነው ብል ታምኑኛላችሁ?

ትንሹ ልጃችን ሁለት ዓመቱ ነው። በየወሩ ማለት ይቻላል ሆዱን ያመዋል፣ ያስቀምጠዋል። ክሊኒክ ወስደነው ይሻለዋል፣ ሰንበት ብሎ ደግሞ ያገረሽበታል። ባለፈው ሰሞን አንድ የውሃ ማጣሪያ ማሽን አሻሻጭ ቤታችን ድረስ መጣ። ከእኛ ጀሪካን የተቀዳውን ውሃ በአንድ ብርጭቆ፣ ራሱ ይዞት የመጣውን በሌላ ብርጭቆ አድርጎ፣ ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰካ ነገር ነከረባቸው። የእኛው ውሃ ዓይኔ እያየ ዝገት የመሰለ ጥቁር ነገር ሆነ። የሱ ኩልል እንዳለ ቀረ። ‹ልጆቻችሁን የምታጠጡት ይህንን ነው› ሲለን ባሌ ፊቱ አመድ መሰለ።

በሚቀጥለው ወር እቁብ ይወጣልናል። ገንዘቡን ያሰብነው አነስተኛ ሮቶ ለመግዛትና መጸዳጃ ቤታችንን ለማደስ ነበር። እሱ አሁን ማሽኑ ይገዛ ብሎ ድርቅ አለ። ይቆየን ብለው ‹ከልጅሽ ገንዘብ ይበልጥብሻል› አለኝ። ይቺ ቃል አጥንቴ ውስጥ ነው የገባችው። አማቴ ደግሞ አብረውን ነው የሚኖሩት። ከፀበሉ በቀር ሌላ ውሃ አይጠጡም። ‹እመቤታችን ደጅ ተቀምጣችሁ ውሃ የሚያጠራ ማሽን ልትገዙ ነው?› ይላሉ። አንድ ነገር ልጨምር። ባሌ ልጅ ሳለ ታናሽ እህቱ በተቅማጥ ስትሞት አጠገቧ ነበር። ይህን ስለማውቅ ጨክኜ እምቢ ማለት አቃተኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባኝ ከእንጦጦ ማርያም»

ግራ የገባሽ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማሽኑን መግዛት አለመግዛቱ እቤትሽ ካለው ነገር ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ያ ልጅ ለምን እንደሚታመም ማወቁና አባቱ በምን እንደሚፈራ መረዳቱ ነው። ስለዚህ በየተራ እንሂድ። መጀመሪያ ግን ባልሽን ካስደነገጠው ብርጭቆ ልጀምር።

ይቺን የብርጭቆ ትርኢት እኔም አይቻታለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠርቼ ስሄድ አንድ ቀልጣፋ ወጣት ሁለት ብርጭቆ ደርድሮ ሲያስረዳ ደረስኩ። የቧንቧው ውሃ እንዳልሽው ጠቆረ፣ የማሽኑ ውሃ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጎረቤቶች «ወይ ጉድ!» እያሉ አፋቸውን ያዙ። እኔም ከጓዳ ጨው አስመጣሁና «ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ ከንጹሁ ብርጭቆ ላይ ይቺን ቁንጥር ጨምርና ድገመው» አልኩት። አልፈለገም። ሰው ሲበዛበት ጨመረ። ንጹሁ ውሃ ከቧንቧው ብሶ ጠቆረ! ታዲያ ጨው መርዝ ነው እንዴ? ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ውስጥ የሚነከሩት ዘንጎች ብረት አለባቸው። ማንኛውም የምንጠጣው ውሃ ከድንጋይና ከአፈር የቀለጠ ጥቂት ማዕድን ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ብረቱን ያሟሟዋል፣ ብረቱ ውሃው ውስጥ ይዝጋል። ያ ጥቁር ነገር ከዘንጉ የወጣ ዝገት ነው እንጂ ከልጅሽ ኩባያ የወጣ ቆሻሻ አይደለም። የማሽኑ ውሃ ማዕድኑ ስለተወገደለት ኤሌክትሪክ እንደልብ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ዘንጉ አይዝግም፣ ውሃውም አይጠቁርም። አለቀ። ይህ ዘዴ ከእኛ አገር በፊት በብዙ የዓለም ክፍል ገበያ ሲፈለግበት የኖረ ነው።

ሌላም አለ። ብዕር የመሰለች መለኪያ ውሃ ውስጥ ነክረው «አየህ ቁጥሩን!» የሚሉም አሉ። ያቺ መለኪያ የምትቆጥረው የቀለጠ ማዕድን ነው። ጀርም አይታያትም። አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ብትለኪባት ቁጥሩ ሰማይ ይወጣል፣ ምክንያቱም አምቦ ማዕድኑ የበዛ ውሃ ነው። ከብት የሚጠጣበት የክረምት ወንዝ ደግሞ ትንሽ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ታዲያ በቁጥሩ አምነን አምቦውን ደፍተን ወንዙን እንጠጣ?

ይህን ስል ግን ማሽኑን ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ። ማሽኑ ድንቅ ነገር ነው። ሙያው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

እህቴ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፈሽ ጨው ነስንሰሽበት ስታቆዪው ምን ይሆናል? ሳህኑ ውስጥ ውሃ ያቁራል። ጨው ወዳለበት ውሃ ይሳባል፣ ተፈጥሮው ነው። ይህን ሊቃውንቱ ኦስሞሲስ ይሉታል። ማሽኑ የሚሠራው ይህንኑ በግድ በመገልበጥ ነው። ውሃውን በኃይል ገፍቶ እጅግ በረቀቀ ስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድደዋል። ውሃው ያልፋል፣ ጨውና ማዕድኑ፣ ጀርሙም ጭምር፣ ከወዲያ ይቀራል። «ሪቨርስ ኦስሞሲስ» የሚሉት ለዚህ ነው፣ በአጭሩ አር.ኦ.። ለሥራ የሚሆነውን ሽፋን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሠሩት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1965 ኮሊንጋ የምትባል የካሊፎርኒያ ትንሽ ከተማ ጨዋማ የጉድጓድ ውሃዋን በዚህ ዘዴ አጣርታ መጠጣት ጀመረች። ዛሬ አረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችን ከሚጠጡት ውሃ ብዙው በዚህና በሌሎች ዘዴዎች ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ነው።

ልብ በሉ፣ የማሽኑ ዋና ሙያ የቀለጠን ነገር ማውጣት ነው። በአገራችንም ይህ ሙያው በእጅጉ የሚፈለግበት ቦታ አለ። ስምጥ ሸለቆ ተወልደው ያደጉ፣ ከወንጂ፣ ከዝዋይና ከአካባቢው የመጡ፣ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎች አይታችሁ ታውቃላችሁ። ጥርስ ስላልቦረሹ አይደለም። ከከርሰ ምድር የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ይህን በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ለብዙ ዓመት ሲጠጣ ጥርስን ማበለዝ ብቻ ሳይሆን አጥንትን ያደድራል፣ ጀርባን ያጎብጣል። በወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የደረሰው የአጥንት ጉዳት በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። ፍሎራይድ ደግሞ ቢያፈሉት አይሞት! እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ይበዛል። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚኖር ቤተሰብ አር.ኦ. ቅንጦት ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። እናንተ ያላችሁበት ተራራ የከተማዋ ጥንተ ውሃ ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው የነገሡት። በዚያው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ውሃ በቧንቧ ወደ ንጉሡ ግቢ ባወረደ ጊዜ ሕዝቡ ጉድ ብሎ ነበር። ከተማዋ ስትሰፋ በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድሬ ግድቦች ተጨመሩ፣ የአቃቂ ጉድጓዶችም ተከተሉ። ከተራራ ምንጭና ከዝናብ ግድብ የሚመጣ ውሃ በአመዛኙ ማዕድኑ ጥቂት ነው። ስለዚህ አር.ኦ. ማሽን ከሌላ ማጣሪያ የሚለይበት ትልቁ ሙያ እናንተ ሰፈር ብዙ ሥራ አያገኝም።

«ታዲያ ልጄ ለምን ይታመማል?» ትዪኛለሽ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ውሃው ከማጣሪያ ጣቢያ ክሎሪን ተጨምሮበት ሲወጣ ደህና ነው። መንገዱ ነው ክፉ። ውሃ በፈረቃ ሲሆን፣ ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ባዶ ቧንቧ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ከውጭ ያለውን እርጥበት ይስባል፣ በአጠገቡ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ ምን እንደሚስብ መናገር አያስፈልገኝም። ውሃው ሲመለስ ያንን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ወደ ሮቶ ወይም ወደ ጀሪካን ይገባል። ስንት ቀን ይቀመጣል? ክሎሪኑም እያደር ይጠፋል።

እስቲ ሁላችሁም አሁን ተነሱና የቤታችሁን ጀሪካን እዩት። ክዳኑ አለ? ወይስ በፌስታል ተወትፏል? ውስጡን በጣታችሁ ብትነኩት ያሟልጫል? ያ ሙልጭልጭታ ጀርም ቤት ሠርቶ የሚኖርበት ነው። ጀሪካኑ መጀመሪያ ምን ነበረበት? ዘይት? ሳሙና? ሌላ ኬሚካል? ወደ ባልዲ ገልብጣችሁ በጣሳ የምትጨልፉ ከሆነ፣ ጣሳውን የያዘው እጅ ከየት መጣ? የሕፃን ጨርቅ ቀይሮ፣ እንጨት ተሸክሞ፣ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሶ? በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ አተት በገባ ጊዜ የጤና ሠራተኞች ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የተናገሩት ስለዚሁ ነው፦ እጅ፣ መጸዳጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ። «ጠላ ሲሉት ውሃ፣ ውሃ ሲሉት ጭቃ» እንዳይሆንብን፣ ንጹህ ውሃ ቀድተን ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ካስቀመጥነው ድካማችን ከንቱ ነው።

አሁን ማሽኑ እናንተ ቤት ቢገባ ምን እንደሚገጥመው አብረን እናስላ። አሻሻጩ ይህን አይነግራችሁም።

አንደኛው ግፊት ነው። ማሽኑ እንደሚገባው እንዲሠራ ከ3 እስከ 4 ባር የሚሆን ግፊት ይፈልጋል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። 3 ሜትር ቆጥ ላይ የተሰቀለ ሮቶ የሚሰጠው ከአንድ ባር ሲሶ አይበልጥም። በሮቶ ብቻ ልግፋው ካላችሁ ሮቶውን 30 ሜትር ላይ ልትሰቅሉት ነው! እናንተ ደግሞ ከተራራው አናት ላይ ናችሁ። ስለዚህ ፓምፕ ያለው መሆን አለበት። ፓምፕ ካለ መብራት ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ቀን ማሽኑ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው የሚደፋው ውሃ ነው። በተለምዶው ማሽን 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ለማግኘት 3 ሊትር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። አዳዲሶቹ በዚህ ይሻላሉ፣ ግን የማይደፋ የለም። ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር ብትጠቀሙ፣ 60 ሊትር ማለትም ሦስት ጀሪካን ይደፋል። ቦኖ ላይ ወረፋ ጠብቆ ወይም ፈረቃ ጠብቆ ውሃ ለሚቀዳ ቤት ሦስት ጀሪካን ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እርግጥ ነው፣ የሚወጣውን በባልዲ ተቀብሎ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ ማዋል ይቻላል። ማሽኑን የገዛ ሁሉ ይህን ማድረግ አለበት።

ሦስተኛው ቀለቡ ነው። ማሽን እንደ ላም ነው፣ ተገዝቶ አያበቃም። ደለል የሚይዘውና የከሰሉ ማጣሪያ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀየራሉ። ዋናው ሽፋን እንደ ውሃው ሁኔታ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል። የከሰሉ ማጣሪያ በወቅቱ ካልተቀየረ ክሎሪን አልፎ ሽፋኑን ያበላሸዋል። ያልተቀየረ ማጣሪያ ራሱ የጀርም ማደሪያ ይሆናል። መለዋወጫው ገበያ ላይ የሚጠፋ ከሆነስ?

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ውሃ ክሎሪኑም ተወግዶለታል። ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ያንን ውሃ በዚያው በሚያሟልጨው ጀሪካን ብታስቀምጪው፣ በዚያው ጣሳ ብትጨልፊው፣ ልጁ መልሶ ይታመማል። ያን ጊዜ ደግሞ እቁቡም የለም፣ መጸዳጃ ቤቱም አልታደሰ፣ ባልሽም ምን እንደሚያደርግ ይጠፋዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ ምክሬ ይህ ነው። እቁቡን መጀመሪያ ላሰባችሁት ነገር አውሉት። ሮቶውና መጸዳጃ ቤቱ የልጁን ሆድ ከማሽኑ የበለጠ ይጠብቁታል። ከዚያ በታች የምዘረዝረውን ከነገ ጀምራችሁ አድርጉ። ሁሉም ተደምሮ የእቁቡን ጥፍር አያክልም።

1ኛ/ ለመጠጥ ብቻ የሚሆን ክዳንና ከታች ቧንቧ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ግዙ። ጣሳ አይገባበት፣ እጅ አይንካው። ያ ካልተገኘ አፉ ጠባብ የሆነ ክዳናም ጀሪካን። ገልብጦ መቅዳት እንጂ መጨለፍ የለም!

2ኛ/ ጀሪካኑን በየሳምንቱ እጠቢ። ሳሙናና ንጹህ ጠጠር ወይም አሸዋ ጨምረሽ በደንብ ናጪው፣ ሙልጭልጭታው እስኪለቅ። ከዚያ አለቅልቂው። ሮቶ ሲገዛ ከጠራራ ፀሐይ የሚከለል፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ ባዶ ሆኖ ይፈተግ፣ በበረኪና ይታጠብ፣ በደንብ ይለቅለቅ።

3ኛ/ የልጁን ውሃ አፍዪ። እዚህ ላይ የእንጦጦ ሰው ልዩ ትምህርት አለው። እናንተ ያላችሁት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ጀርም ለመግደል ያም ይበቃል፣ ግን ጊዜ ስጪው። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ውሃው ተንፈቅፍቆ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ይህ እንጦጦን ብቻ ሳይሆን መላውን አዲስ አበባ ይመለከታል። ሲበርድም በዚያው ድስት ተከድኖ ይብረድ።

4ኛ/ እንጨትና ከሰል ውድ ነው፣ ሁሉን ውሃ ማፍላት አይቻልም ካልሽ፣ ለቀሪው ክሎሪን ተጠቀሚ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ውሃ አጋርና መሰሎቹ ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። መጠኑን ዕቃው ላይ በተጻፈው መሠረት ጨምረሽ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ በነጠላ አጥፈሽ አስቀድመሽ አጥሊው። የክሎሪን ጥቅሙ ውሃው ተቀምጦም ጠባቂ ያለው መሆኑ ነው። ሽታው ካስጠላሽ ትንሽ ክዳኑን ገለጥ አድርጊው፣ ይተናል።

5ኛ/ ሁለቱም ባይኖር ፀሐይ አለች። ንጹህና ጭረት የሌለው ባዶ ሃይላንድ የጠራ ውሃ ሞልተሽ ቆርቆሮ ላይ አጋድሚው። ብሩህ ቀን ከሆነ ስድስት ሰዓት፣ ደመና ከበዛበት ሁለት ሙሉ ቀን። በክረምት ግን በዚህ አትተማመኚ።

6ኛ/ እጅ በሳሙና! ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃኑን ካጸዱ በኋላ፣ ምግብ ከመሥራት በፊት፣ ከማጉረስ በፊት። ይህን ለታላላቆቹ ልጆችም አስተምሪ። ትንሹን የሚያጎርሱት እነሱም ናቸውና።

7ኛ/ ልጁን እንደገና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በየወሩ የሚመላለስ ተቅማጥ ሰገራው ሊመረመር ይገባል፣ ክብደቱም ይታይ። እቤት ውስጥ ኦ.አር.ኤስ. አይለይሽ። ተቅማጡ እንደጀመረ ፈልቶ በበረደ ውሃ በጥብጠሽ በትንሽ በትንሹ ስጪው፣ ጡት የሚጠባ ከሆነ አታቋርጪ፣ ምግብም አትከልክይው። የጤና ባለሙያ የሚያዝለትን ዚንክ ተሻለው ብለሽ ሳታቋርጪ ከ10 እስከ 14 ቀን ስጪው። ሰገራው ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሁሉን ካስመለሰ፣ ቀንም ይሁን ሌሊት አትጠብቂ፣ ሩጪ።

ማሽን ጨርሶ አንገዛም ወይ? እንዲህ አድርጉ። ባልሽ ልቡ ካላረፈ ውሃው ይመርመር። እዚያው ጉለሌ፣ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ ሌሎችም ውሃ የሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎች አሉ። ሄዶ ይጠይቅ። ውጤቱ ፍሎራይድ ወይም ናይትሬት ወይም ሌላ የቀለጠ ጎጂ ነገር ከመጠን አልፏል ካለ፣ ያን ጊዜ አር.ኦ. ይገዛ፣ እኔም እደግፋለሁ። ውጤቱ ጀርም ብቻ ካለ ከላይ የዘረዘርኩት ይበቃል፣ ማጣሪያ ካማረውም ያለ መብራት የሚሠራ፣ ውሃ የማይደፋ የሸክላ ማጣሪያ በጥቂት ዋጋ ይገኛል። ለአሻሻጩም እነዚህን ጥያቄዎች ያቅርብለት፦ በስንት ባር ይሠራል? ፓምፕ አለው? ለ1 ሊትር ስንት ሊትር ይደፋል? ማጣሪያው በየስንት ጊዜ በስንት ብር ይቀየራል? መለዋወጫውን የት አገኛለሁ? መልስ ከሌለው ብርጭቆውን ይዞ ይሂድ።

ስለ አማትሽ ደግሞ ትንሽ ልበል። እማማን በፀበል ጉዳይ አትከራከሪያቸው። እምነታቸው ነው፣ እንጦጦ ማርያም ፀበል ፍለጋ ከአራቱም ማዕዘን ሰው የሚመጣበት ደጅ ነው። ግን በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ፀበሉ የእመቤታችን ነው፣ ጀሪካኑ ግን የእኛ ነው። የእኛን እኛ እንጠበው።» የፀበሉም ጀሪካን እንደሌላው ይታጠብ፣ ክዳን ይኑረው፣ ኩባያ አይነከርበት። ልጁ ታሞ ፀበል ቢጠጣም ኦ.አር.ኤሱና መድኃኒቱ አይቅር። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የኤችአይቪ ሕሙማን ፀበል ብለው መድኃኒት ሲያቋርጡ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። ለትልቁ በሽታ ከተፈቀደ ለልጅ ሆድማ እንዴት ይከለከላል!

በመጨረሻ ለባልሽ። ወንድሜ፣ ይህን ጋዜጣ ባለቤትህ ታሳይህ ይሆናል። በታናሽ እህትህ ላይ የደረሰውን አንብቤ አዝኛለሁ። ያን ያየ ሰው ልጁ ሲያስቀምጠው እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን በተቅማጥ የሚሞት ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ከሰውነቱ ውሃና ጨው ተሟጦ ነው። ዛሬ ያንን የምትመልስ መድኃኒት በየፋርማሲው፣ በአንድ ትንሽ ፓኬት አለች። እህትህ ያላገኘችውን ልጅህ በእጅህ ማግኘት ይችላል። ይህንን ስታውቅ የሌሊቱ ድንጋጤ ይቀንስልሃል ብዬ አምናለሁ። ደግሞም «ከልጅሽ ገንዘብ ይበልጥብሻል» ያልካትን መልስላት። ሦስት ልጅ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ይህ ቃል አይገባትም። መጸዳጃ ቤቱን ማደስ የፈለገችው ለማን ይመስልሃል?

አንቺም እህቴ፣ ፍርሃቱን «ሞኝነት» አትበይው። ሥራ ስጪው። ሮቶውን እሱ ይትከል፣ ክሎሪኑን እሱ ይለካ፣ ጀሪካኑን በየቅዳሜው እሱ ይናጥ። የፈራ አባት እጁ ሥራ ሲይዝ ልቡ ይረጋል። ከሁለት ወር በኋላ የልጁ ሁኔታ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተስ በውሃ ጉዳይ ምን ገጥሟችኋል? ጻፉልን። ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ!